ሰጪው ማነው?

እዚህ ጨንቻ አብራኝ ትርጉም የጀመረች ልጅ ሰሞኑን አንድ የሥራ ውል ይዛ መጣች። አርባ ምንጭ ያለ ሎጅ ለአስተናጋጆቹ በእንግሊዝኛ ያዘጋጀው ነው። «ጋሼ፣ ይቺን ‹ኢንታይትል› የምትባል ግስ ምን ልበላት? መዝገበ ቃላቱ አንዴ መብት ሰጠ፣ አንዴ ርእስ ሰጠ ይለኛል። የመጽሐፍ ርእስና የዓመት ፈቃድ ምን አገናኛቸው?»

ያገናኛቸው ጽሕፈት ነው። ላቲኖቹ ቲቱሉስ የሚሉት በዕቃም በሐውልትም ላይ የሚጻፍ መግለጫ ነበር፤ ስምም መብትም ከዚያ ወጡ። ይሄ ብዙ አያቆየንም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፤ ይህ ግስ ሰጪውን ይደብቃል። ሠራተኛው ፈቃድ ለመውሰድ «ኢንታይትልድ» ነው ይላል ውሉ፤ ማን እንዳደረገው ግን ትንፍሽ አይልም። እኔ ደግሞ ሰጪውን ሳላገኝ ብዕር አላነሳም።

ይህን ስናገር አርባ ምንጭ ያሉ የሙያ ጓደኞቼ ይስቁብኛል። እነሱ የተዘጋጀ የቃላት ዝርዝር አላቸው፤ ግሱ ብቅ ሲል «ሊያገኝ ይችላል» ብለው ያልፋሉ። ሥራው ይፈጥናል፣ ደንበኛው አይጉላላም። ግን ይህ «ይችላል» የሚሉት ነገር ስንቱን ሰው ከድርሻው አጉድሎታል! «ሠራተኛው የዓመት ፈቃድ ሊያገኝ ይችላል» ካልን፣ አለቃው ደስ ሲለው ይሰጠዋል፣ ሲከፋው ያስቀርበታል ማለት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ሲደነግግ ግን የአለቃን ፊት አይቶ አይደለም። ሰጪው ሕጉ ነው። ስለዚህ «ፈቃድ የማግኘት መብት አለው» ይባላል፤ ዓረፍተ ነገሩ ቢረዝምም ይርዘም። እዚያው ውል ላይ ዝቅ ብሎ ስለ ዓመት መጨረሻ ጉርሻ ሲመጣ ሰጪው ተለወጠ፤ አሠሪው ካሰበበት ብቻ የሚከፍለው ነው። እዚህ ላይ «መብት አለው» ብንል ደግሞ አስተናጋጁን ባዶ ተስፋ መመገብ ይሆናል። አንድ ግስ፣ አንድ ገጽ፣ ሁለት ትርጉም።

ልጅቷ «ታዲያ ‹ይገባዋል› ብንለውስ?» አለች። ለቡና ወሬ ጥሩ ቃል ነው። ወረቀት ላይ ግን «ገባው» ማለት ተረዳው ማለትም ነው፣ «ይገባዋል» ሲባልም የሚቀጣም የሚሸለምም ይገባዋል። ደግሞስ ፍርድ ቤት «የይገባኛል ጥያቄ» የሚለው ገና ያልተረጋገጠውን አይደል? ይገባኛል የሚለው ጠያቂው ነው፤ መብት አለው የሚለው ሕጉ ነው። ሁለቱን አንድ አፍ ውስጥ መክተት አልወድም።

ሕገ መንግሥቱን ያረቀቁት ሰዎች ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር እላለሁ። አንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 3 ስለ ሴቶች የድጋፍ እርምጃ ሲናገር እንግሊዝኛው ይህንኑ ግስ ይጠቀማል፤ አማርኛው ግን መብት መሆኑን በግልጽ አስፍሮታል። በአንቀጽ 106 መሠረት የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው ደግሞ የአማርኛው ቅጂ ነው።

ይህ ሰጪውን የመፈለግ አባዜ ምናልባት ከአገሬው የተጋባብኝ ይሆናል። እዚህ ጋሞ ውስጥ ሃላቃ የሚባል ማዕረግ አለ፤ የሚሾመው ሰው ማዕረጉን የሚያገኘው ደግሶ ነው። አጎቴ ሃላቃ ሊሆን ሲል ጎተራው ተራቆተ፣ ከብት ተሸጠ፣ ሚስቱ ለወራት አኮረፈች። ከዚያ ቅቤ አናቱ ላይ ተደርጎለት ገበያውን ዞረ፤ ሶፌ እንለዋለን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሃላቃ እየተባለ ተጠራ። አገኘ የተባለው መብት ሲታይ ግን አብዛኛው ሥራ ነበር፤ የዱቡሻውን፣ ማለትም የአደባባይ ጉባኤውን፣ መልእክት ማድረስ፣ የተጣላ ማስታረቅ፣ አገር መጠበቅ። አንትሮፖሎጂስቷ ዴና ፍሪማን እዚሁ ጋሞ፣ ዶኮ ተቀምጣ አጥንታ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን ሥርዓት በሰፊው ጽፋበታለች። አጎቴ ዘንድ ሰጪው አይደበቅም፤ የበላውና የጠጣው ሕዝብ ሁሉ ሰጪ ነው፣ ነገ ደግሞ ተቆጪ ነው። አሁን እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህንኑ «ኢንታይትልድ» የሚለውን ቃል ሁሉ ለእኔ ለሚል ቀበጥ ስድብ አድርገውታል። አጎቴ ቢሰማ ይስቅ ነበር።

በዚሁ ጉዳይ ደንበኛም አጥቻለሁ። አንዱ ለቪዛ ብሎ የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር አመጣና «ታይትል ዲድ ብለህ ተርጉምልኝ» አለኝ፤ የባለቤትነት ሰነድ ማለቱ ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በሆነበት አገር ገበሬው ያለው የይዞታ መብት ነው፣ እንዴት ብዬ የግል ንብረቱ አደርገዋለሁ? የይዞታ ምስክር ወረቀት ብዬ ጻፍኩለት። ተቆጥቶ ሌላ ጋ ሄደ፤ እዚያ የፈለገውን እንደጻፉለት ሰማሁ።

ያ ደብተር ግን ለእኔ ተራ ወረቀት አይደለም። አዋጅ ቁጥር 456/1997 ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት በሁለቱም ስም እንዲጻፍ ሲያዝ፣ እናቴ ዕድሜዋን ሁሉ በመንደሩ «የእገሌ እናት» ስትባል የኖረች ሴት ነበረች፤ እገሌው እኔ ነኝ። የእኛ ቤት ደብተር ሲመጣ ፎቶዋ ከአባቴ ፎቶ ጎን ተለጥፏል፣ ስሟም ከነአባቷ ስም ሰፍሯል። ማንበብ ስለማትችል አንብብልኝ አለችኝ። አነበብኩላት። የአባቷ ስም ላይ ስደርስ አስቆመችኝና ድገመው አለች፤ ደገምኩት። አንድ ፊደል ተሳስቷል። አባቴ «ለአንዲት ፊደል ምን ያስጨንቅሻል?» ቢላት «በዚህ ስም የምትጠራ ሌላ ሴትዮ መጥታ መሬቴን ትውሰደው?» ብላ፣ በዚያ ጭጋግ፣ ደብተሩን አስይዛ ወደ ቀበሌ ሰደደችው።