ሁለተኛው ዕይታ፦ «የድሮ ፊልም ይበልጣል» የሚለው ብያኔ ሲፈተሽ

ስለ ፊልም በሚደረግ ጨዋታ ሁለት ዓይነት አስተያየት ጎን ለጎን ይሰማል። ሰሞኑን የታየው ፊልም «አሪፍ ነው»፣ «አሰልቺ ነው»፣ «መጨረሻው አልተዋጠልኝም» ተብሎ ባጭሩ ይታለፋል። የድሮ ተወዳጅ ሲነሳ ግን ተናጋሪው ትዕይንት እየጠራ፣ የገጸ ባሕርያቱን ንግግር በቃሉ እየደገመ ያወጋል። ከዚያ «የዛሬ ፊልም እንደ ድሮው አይደለም» የሚል ብያኔ ይከተላል። ብያኔው የሚያነጻጽረው ሁለት ፊልሞችን ይመስላል፤ በእርግጥ የሚያነጻጽረው ግን አንድ ጊዜ ያየን ሰው ደጋግሞ ካየ ሰው ጋር ነው። የድሮው ተወዳጅ በብዙ ዕይታ የተጣራ ፍርድ ሲሆን፣ የሰሞኑ ገና የመጀመሪያ ስሜት ነው። አንድ ፊልም ለሁለተኛ ዕይታ መብቃቱ ደግሞ በጥራቱ ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ የቅጂ መብት ሕግ፣ የቴሌቪዥን ጣቢያ ፍላጎት፣ የካሴትና የዲስክ ገበያ፣ የፊልም ማኅደር መኖር አለመኖር ሁሉ እጃቸው አለበት።

ማስረጃውን ከባለሙያዎቹ ዘንድ መጀመር ይሻላል። የብሪታንያው «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ሃያሲያንን «የምንጊዜም ምርጥ ፊልም» እያለ ይጠይቃል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም፣ ተለይቶ ካልተጠቀሰ በቀር፣ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በመጀመሪያው ምርጫ ያሸነፈው የቪቶሪዮ ዴሲካ «የብስክሌት ሌቦች» ያኔ ገና የአራት ዓመት ፊልም ነበር። በ1962 ሁለተኛ የወጣው የአንቶኒዮኒ «ላቬንቱራ» ከተሠራ ሁለት ዓመቱ ነበር። በ2022ቱ ምርጫ ግን ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ ከ2001 በኋላ የተሠራ አንድም ፊልም የለም። «የሲኒማ ታሪክ ስለረዘመ ነው» ይባል ይሆናል፤ በከፊል እውነት ነው። ሆኖም በ1952ም የቻፕሊንና የአይዘንስታይን ሥራዎች በዝርዝሩ ላይ ነበሩ፤ የሚመረጥ አሮጌ ፊልም አልጠፋም። ልዩነቱ ሌላ ይመስለኛል። የዚያን ጊዜ ሃያሲ አንድን ፊልም እንደገና ለማየት ሲኒማ ቤት ወይም የፊልም ክበብ እስኪያሳየው መጠበቅ ነበረበት። የዛሬው ሃያሲ የሚወደውን ፊልም ባሻው ሰዓት ከፍቶ ያያል። የመደጋገም ዕድሉ በሰፋ ቁጥር የ«ምርጥ» ፊልሞች ዕድሜ አብሮ አድጓል።

የተራው ተመልካች ምርጫም ይህንኑ ይመሰክራል። የፍራንክ ካፕራ «ኢትስ ኤ ወንደርፉል ላይፍ» በ1946 ሲወጣ ወጪውን እንኳ አልመለሰም። በ1974 የቅጂ መብቱ ሳይታደስ ቀረና የአሜሪካ ጣቢያዎች የፈቃድ ክፍያ ሳይጠየቁ በየገናው ያሳዩት ጀመር፤ የቤተሰብ ሁሉ ተወዳጅ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። «ዘ ሾሻንክ ሪደምፕሽን»ም በ1994 ወጥቶ ሰባት የኦስካር ዕጩነት ቢያገኝም አንዱንም አላሸነፈም፤ በሲኒማ ቤትም ገበያው ቀዝቃዛ ነበር። በቪዲዮ ኪራይና ከ1997 ጀምሮ በኬብል ቴሌቪዥን ደጋግሞ ከታየ በኋላ ግን ተመልካቾች በአይኤምዲቢ ድረ ገጽ በሚሰጡት ነጥብ ለዓመታት አንደኛ ሆኖ ቆይቷል። ከሁለቱም ፊልሞች ላይ አንዲት ፍሬም አልተለወጠችም። የተለወጠው ተመልካቹ የሚያገኛቸው ጊዜ ብዛት ነው።

«ቴሌቪዥን ደጋግሞ ያሳየው ሁሉ ተወዳጅ ሆኗል ወይ?» የሚለው ተቃውሞ ተገቢ ነው። አልሆነም፤ መደጋገም ወንፊት እንጂ ዱቄቱ አይደለም። ጥያቄው እንግዲህ የትኛው ፊልም በሁለተኛው ዕይታ ይጠነክራል የሚለው ነው፤ ለዚህ ከሂችኮክ «ቨርቲጎ» (1958) የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በመጀመሪያው ዕይታ እኛ የምንከተለው ስኮቲን ነው። የቀድሞ መርማሪ ነው፤ የጓደኛውን ሚስት ማደሊንን ሲከታተል አብረነው በመኪናው እንዞራለን፤ እንደ እሱ ምስጢሯን ለማወቅ እንጓጓለን። ከፊልሙ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ካለፈ በኋላ ግን ሂችኮክ ምስጢሩን ለእኛ ይነግረናል፤ ለስኮቲ አይነግረውም። ማደሊን ነኝ ስትል የነበረችው በክፍያ የተቀጠረች ጁዲ የተባለች ሴት ናት። ይህን አውቀን ከመጀመሪያው ስንጀምር ፊልሙ የሌላ ሰው ታሪክ ይሆናል። በቤተ ሥዕሉ ከሥዕሉ ፊት ተቀምጣ ስትፈዝ ያየናት ሴት አሁን ከጀርባዋ የቆመውን ሰው እያወቀች የምትተውን ተቀጣሪ ናት። ከባሕረ ሰላጤው ወጥታ በስኮቲ አልጋ ላይ የምትነቃበት ትዕይንት ቀድሞ የፍቅር ጅማሬ ነበር፤ አሁን ያስጨንቃል፤ ራሷን የሳተች መስላ ሁሉንም ታውቃለችና። ይህችን ሴት ሆና የተወነችው የኪም ኖቫክ ትወና በ1958 ለብዙዎች ደረቅ መስሎ ነበር። ሁለተኛው ዕይታ ግን ድርቀቱን የትርጉም ምንጭ ያደርገዋል፤ የምናየው ትወናን የምትተውን ሴት ስለሆነ፣ በመካከሉም ሳታስበው ማፍቀሯ ስለሚያስፈራት። ይህን ሁሉ አንድ ጊዜ አይቶ የወጣ ሃያሲ ሊያየው አይችልም ነበር፤ ስለዚህ ፊልሙን ሲወጣ በቅዝቃዜ የተቀበሉትን ሃያሲያን አላዋቂዎች ብሎ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ይነሳል። «ቨርቲጎ» በ1982 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አሥሩ ምርጦች ሲገባ ከገበያ ውጭ ነበር፤ ሂችኮክ መብታቸውን ከያዛቸው ሌሎች አራት ፊልሞች ጋር ለዓመታት ታግዶ ቆይቶ እንደገና በሕዝብ ፊት የታየው በ1983 እና 1984 ነው። ታዲያ ዝናው ከመደጋገም ይልቅ ከመጥፋቱ አልመጣም? መጥፋት ጉጉት እንደሚያሳድግ አልክድም። ነገር ግን የ1982ቱ መራጮች ፊልሙን ከመታገዱ በፊት ያዩ፣ የጻፉበትና ያስተማሩት ሰዎች ነበሩ፤ ከሰባተኛ ደረጃ ተነስቶ በ2012 አንደኛ የሆነውም ወደ ሲኒማ ቤት፣ ወደ ካሴትና ወደ ዲስክ ከተመለሰ በኋላ ነው። «ሰው የወጣትነቱን ፊልም ስለሚናፍቅ ነው» የሚለው ማብራሪያ ደግሞ የሻንታል አከርማንን «ዣን ዲልማን» አይገልጽም። በ1975 የተሠራው ይህ ከሦስት ሰዓት በላይ የሚወስድ ፊልም አንዲት እናት ድንች ስትልጥ፣ አልጋ ስታነጥፍ ያሳያል፤ በ2012 ሠላሳ ስድስተኛ ነበር፣ በ2022 አንደኛ ወጣ። የመራጮቹ ቁጥር በእጥፍ ገደማ መጨመሩና ስብጥሩ መለወጡ አስተዋጽኦ እንዳለው ግልጽ ነው። ግን ብዙዎቹ አዳዲስ መራጮች ፊልሙ በወጣበት ጊዜ በሲኒማ ቤት ሊያዩት የማይችሉ ናቸው፤ ያላዩትን ዘመን ሊናፍቁት አይችሉም።

ጉዳዩ ወደ እኛ ሲመጣ ይከብዳል። የኃይሌ ገሪማን «ሳንኮፋ» (1993) ብንወስድ፣ በበርሊን ፌስቲቫል ተወዳድሮ ሳለ የአሜሪካ አከፋፋዮች አልተቀበሉትም። ዳይሬክተሩ ራሱ ሲኒማ ቤት እየተከራየ ከከተማ ከተማ አሳየው፤ በዋሽንግተን ዲሲ በጆርጂያ ጎዳና፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ በፊልሙ ስም የቪዲዮና የመጻሕፍት መደብር ተከፈተ፤ በ2021 ደግሞ ታድሶ በኔትፍሊክስ ወጣ። ፊልሙ ዛሬ ድረስ የሚወደደው ሁለተኛ ዕይታን በእጃቸው የሠሩለት ሰዎች ስለነበሩ ነው። ለአብዛኛው የአማርኛ ፊልም እንዲህ ያለ ሰው አልተነሳለትም። በ1957 ዓ.ም. የተሠራውን «ሂሩት አባቷ ማን ነው?»ን ስሙን የሚያውቀው ካየው ሰው ብዙ ይበልጣል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የጀመረው የዲጂታል ፊልም ማዕበል ያስገኛቸው ሥራዎችም በሲኒማ ቤት ለወራት ታይተው፣ ሕገ ወጥ ቅጂ ስለሚያስፈራ በቪሲዲ ዘግይተው ወጥተው ወይም ጭራሹን ሳይወጡ ከዓይን ራቁ። «የቀድሞው የአማርኛ ፊልም ይሻል ነበር» ሲባል እንግዲህ አብዛኛውን ጊዜ የሚነጻጸረው የአንድ ምሽት ትዝታ ከሰሞኑ የአንድ ምሽት ስሜት ጋር ነው፤ ያም ሆኖ የቀደመው ስለራቀ ብቻ ይለመልማል። አሁን ብዙዎቹ ፊልሞች በዩቲዩብ መለቀቃቸው ሁኔታውን መለወጥ ጀምሯል፤ ተመልካቹ ደግሞ አይቶ ሐሳቡን የሚቀይርበት ወይም የሚያጸናበት ዕድል አግኝቷል። የፊልም ትምህርት ክፍሎቻችንና የባህል መጽሔቶቻችን ሥራ እዚህ ይጀምራል፦ የወጡትን ቅጂዎች ከመጀመሪያው ጋር ማመሳከር፣ የተቆረጠውን መለየት፣ ከዚያም የ1990ዎቹን ዓ.ም. ፊልሞች በሲኒማ ቤት ካገኙት ጭብጨባ ተነጥለው እንደ አዲስ መገምገም።