ብረቱ አልተሰበረም፤ አጥንቱስ ገጠመ?

ከሐይቅ ወደ አምባሰል የሚወጣ አንድ ገበሬ ቁልቁለት ላይ ወድቆ ቅልጥሙ ተሰበረ እንበል። ደሴ ተወስዶ ብረት ገባለት። ግን እርሻው አይጠብቅም፤ ሐኪሙ ካለው ቀን ቀድሞ መራመድ ይጀምራል። ታዲያ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪዎች በአጥንት ብረት ላይ የሚሠሩት ጥናት ለዚህ ሰው ምን ይጠቅመዋል?

እንዲህ ዓይነት የመመረቂያ ጽሑፎችን ሳነብ አንድ መንገድ ይደጋገምብኛል። አጥንቱ ኮምፒውተር ላይ ተራ ቱቦ ይሆናል፤ ብረቱ ይታሰርበታል፤ የሰው ክብደት አንዴ ይጫናል፤ ቀይና ሰማያዊ ሥዕል ይወጣል። መደምደሚያው «ቲታኒየሙ ስላልተሰበረ ይሻላል» ነው። ስሌቱ ብዙ ጊዜ ልክ ነው፤ ጥያቄው ግን ጎደሎ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። አጥንት ሕይወት አለው። ጀርመናዊው ሐኪም ጁሊየስ ቮልፍ በ1892 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ አጥንት ሸክም ሲያገኝ ይጠነክራል፣ ሲያጣ ይሳሳል። የማይዝገው ብረት ግትርነት ወደ 190 ጊጋፓስካል፣ የቲታኒየም ቅይጥ 110 ገደማ ሲሆን የጠንካራው አጥንት ግን 20 እንኳን አይሞላም። በጣም ግትር ብረት ሸክሙን ጠቅልሎ ይወስድና አጥንቱን ሥራ ፈት ያደርገዋል። እንግዲህ የቲታኒየም አንዱ ብልጫ ጥንካሬው ሳይሆን ለዘብ ማለቱ ነው! መልሱ ልክ፣ ምክንያቱ ስህተት ማለት ይህ ነው።

ከመጠን በላይ መላላትም አይበጅም። ስዊዘርላንዳዊው ስቴፋን ፔረን እንዳስረዱት፣ ጠንካራ አጥንት የሚችለው መለጠጥ 2 በመቶ ገደማ ነው፤ ለስላሳው አጥንት እስከ 10 በመቶ ይችላል። በ1 ሚሊሜትር ክፍተት ላይ የ0.1 ሚሊሜትር እንቅስቃሴ 10 በመቶ ነው። ክፍተቱ 5 ሚሊሜትር ከሆነ ያው እንቅስቃሴ 2 በመቶ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ከጭነቱ እኩል ክፍተቱም መለካት አለበት።

ሦስተኛው ጉድለት ጊዜ ነው። ገበሬያችን በቀን 3,000 እርምጃ ቢራመድ የተሰበረው እግር 1,500 ጊዜ ይጫናል፤ በ90 ቀን 135,000 ጊዜ። ብረቱ ከመድከሙ በፊት አጥንቱ መግጠም አለበት። አንዴ ብቻ ጭኖ የሚፈትን ስሌት ይህን እሽቅድምድም ጭራሽ አያየውም።

ጥሩ ምሳሌ ካስፈለገ ሳይን የሚባለው የአጥንት ውስጥ ዘንግ አለ፤ ጥቁር አንበሳን ጨምሮ በአገራችን ሆስፒታሎች ሥራ ላይ ውሏል። ሐኪሙ ሉዊስ ዚርክል በ1999 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ድርጅት ይሠራዋል። በቀዶ ሕክምናው ሰዓት ቀጥታ የሚያሳይ ራጅ ባይኖርም የብሎኖቹ ቀዳዳ ከውጭ በሚገጠም መምሪያ ይገኛል። ንድፉ የተነሳው «ሆስፒታሉ ምን አለው?» ከሚል ጥያቄ ነው።

እኛ ጋ ያልተነካ ጥያቄ ሞልቷል። ወጌሻ በቀርከሃ አጥብቆ ሲያስር ደም ሊቆም፣ እግርም ሊቆረጥ ይችላል። ያ ማሰሪያ ስንት ግፊት ይፈጥራል? ምን ያህል ሲላላ ደም ያሳልፋል፣ አጥንቱንም ይይዛል? ይህ እኮ ንጹህ ሜካኒክስ ነው። ቀጣዩን የመመረቂያ ርዕስ የምትመርጡ ልጆች፣ ኮምፒውተሩን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ የአጥንት ሐኪምና አንድ ወጌሻ አነጋግሩ።