ክዳኑን ማን መረመረ?

ስለ ዓባይ ሸለቆ ነዳጅ የሚጽፉ ሰዎች አዲግራት የተባለውን የአሸዋ ድንጋይ ሲያመሰግኑ ክዳኑን ይዘነጋሉ። በሮብ ገበያ ጠላ የምትጠምቅ ሴት ግን ጋኑን ሞልታ አፉን ሳትመርግ አታድርም።

ከአሸዋው ድንጋይ በላይ ያለው የጎሐ ጽዮን ሼልና ጂፕሰም መልካም መክደኛ ሊሆን ይችላል፤ ዳሩ ግን በደጀን በኩል ወንዙ ሁለቱንም ቆርጦ አጋልጧቸዋል። ስለዚህ ተስፋው ከገደሉ ርቆ፣ ባልተቆረጠበት ስፍራ ነው። በወረኢሉ ከመሬት የሚወጣው ዘይትም ለብዙዎች የምሥራች ነው፤ እኛ ግን የዘይቱን መኖርና የክዳኑን ማፍሰስ አንድነት ይመሰክራል እንላለን። በአንጻሩ በኦጋዴን፣ በካሉብ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ከተገኘው ጋዝ ከፊሉ በቦክ ሼል ሥር ተከድኖ ኖሯል።

እንግዲህ ከምስጋናው በፊት የክዳኑ ውፍረት፣ የቀዳዳዎቹ ጥበትና ስንጥቁ ይመርመር።