ቀኑ የማን ነው?

ወደ ኦርላንዶ ሊሄድ ያሰበ ቤተሰብ ሲደውልልኝ የመጀመሪያው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ሰኞ የትኛው ፓርክ ይሻላል? ማክሰኞስ?» እኔ ደግሞ መልሼ ስለ ሰዎቹ እጠይቃለሁ። ማን ማን ነው የሚሄደው? የመጨረሻው ልጅ ስንት ዓመቱ ነው? ቁመቱስ? እናታችሁ ከአዲስ አበባ መቼ ይገባሉ? ረቡዕና ዓርብ የሚጾም አለ? በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ ወገኖቼ የዕረፍት ጉዞ ማሰናዳት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። በእነዚህ ዓመታት እየጸናልኝ የመጣው እምነት አንድ ነው፦ ቀን መጀመሪያ ለሰው ይሰጣል፤ ፓርኩ ሰውየውን ተከትሎ ይመጣል።

ዋልት ዲዝኒ ወርልድ አራት ፓርኮች አሉት። ማጂክ ኪንግደም እ.ኤ.አ. በ1971፣ ኤፕኮት በ1982፣ ዛሬ ሆሊውድ ስቱዲዮስ የሚባለው በ1989፣ አኒማል ኪንግደም በ1998 ተከፈቱ። ግቢው በጠቅላላ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሰፋ ከማጂክ ኪንግደም ወደ አኒማል ኪንግደም በእግር መሄድ አይታሰብም። አራቱም በአንድ ስም ቢጠሩም የሚመቻቸው ሰዓት የተለያየ ነው። አንዱ ማለዳ ያምርበታል፣ ሌላው ማታ፤ አንዱ ቁጭ አድርጎ ያሳያል፣ ሌላው ሲያስኬድ ይውላል። ሥራዬ የፓርኩን ሰዓት ከሰውየው ሰዓት ጋር ማገናኘት ነው። (ከዚህ በኋላ ሰዓት የምጠቅሰው በእኛ አቆጣጠር ነው።)

አኒማል ኪንግደም የማለዳ ነው። ብዙውን ጊዜ ከሌሎቹ ቀድሞ ይከፈታል፤ ቀድሞም ይዘጋል። ኪሊማንጃሮ ሳፋሪስ በሚባለው ጉብኝት ሰው ጎኑ ክፍት በሆነ ትልቅ መኪና ላይ ተቀምጦ ለ20 ደቂቃ ያህል ቀጭኔውን፣ ዝሆኑን፣ አንበሳውን እያየ ያልፋል፤ እንስሳቱም ሙቀቱ ሳይበረታ ነው ደህና የሚንቀሳቀሱት። ይህን ቀን ከሀገር ቤት ለመጡት እናት ወይም አባት እሰጣለሁ። በሰመር ወራት አዲስ አበባ ከኦርላንዶ በ7 ሰዓት ስለምትቀድም፣ በቅርቡ የገቡ እንግዳ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቅተው፣ ጸሎታቸውን አድርሰው፣ ቤቱ እስኪነቃ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ልጆቻቸው ይህን ሲያዩ ይጨነቃሉ። ቀን ለሚደለድል ሰው ግን ትልቅ ሀብት ነው፤ ሌላው ቤተሰብ በግድ የሚነሣበትን ሰዓት እሳቸው በጤና ነቅተው ያገኙታል። በአንጻሩ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የአዲስ አበባ አየር ለመጣ ሰው የፍሎሪዳ ወበቅ ከባድ ነው። ስለዚህ የእማማ ቀን በጊዜ ይጀምርና 6 ሰዓት ላይ ያበቃል።

የእግር ነገርም አለ። «እማዬ፣ ዊልቸር እንከራይልሽ?» ያለች ልጅ የምታገኘው መልስ የታወቀ ነው፤ «እኔ እግሬ ገና ደኅና ነው።» እንዲህ ብላ እንዳትጠይቅ እመክራታለሁ። በር ላይ ተከራይታ ቦርሳውንና ውኃውን ትጫንበት፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ እናት ራሳቸው «እስቲ ትንሽ ልረፍ» ይላሉ። ክብራቸው ሳይነካ ቀኑ ይተርፋል።

ማጂክ ኪንግደም የትንሹ ልጅ ነው፤ ቤተ መንግሥቱ፣ ሰልፉ፣ ማታ ደግሞ ርችቱ። ከባዱ ውሳኔ ያለውም እዚሁ ነው። በመኪና የመጣ ሰው መኪናውን ካቆመ በኋላ በሞኖሬል ወይም በጀልባ ሐይቁን አልፎ ነው በሩ ላይ የሚደርሰው፤ ሲመለስም እንዲሁ። የእኛ ቤተሰቦች ብዙ ሆነው ስለሚጓዙ በኪሲሚ በኩል ኩሽና ያለው ትልቅ ቤት መከራየት ይመርጣሉ። እንጀራቸውን ይዘው፣ ጀበናቸውን ጥደው። ለአንድነታቸው ጥሩ ነው፤ ግን እኩለ ቀን ላይ ሕፃኑን ቤት አስተኝቶ ለርችቱ መመለስ ረጅም ምልልስ ይሆናል። ስለዚህ ወላጆችን አንዱን እንዲመርጡ እጠይቃለሁ፤ ጠዋቱን ወይስ ማታውን? ማለዳ ነቅቶ ከቀትር በኋላ የሚያለቅስ ልጅ ካላቸው፣ ሲከፈት ገብተው 8 ሰዓት ላይ ይውጡ፤ ርችቱ ይቅር። ልጁ ርችቱን ሲያልም የከረመ ከሆነ ደግሞ ቤት ተኝቶ ይዋልና 9 ሰዓት ላይ ይግባ። ሁለቱንም የሚይዝ ቤተሰብ ማታ ላይ የደከመ ልጅ በትከሻው ተሸክሞ የጀልባ ወረፋ ይጠብቃል።

ኤፕኮት የወላጆቹ ነው። ባልና ሚስት ዓመቱን ሙሉ ሠርተው፣ ለሁሉም ከፍለው፣ በዕቅዱ ውስጥ ግን የራሳቸው ቀን የሌላቸው መሆኑን ደጋግሜ አይቻለሁ። በሐይቁ ዙሪያ ከሜክሲኮ እስከ ካናዳ የ11 አገሮች ሕንፃዎች ተደርድረዋል፤ ምግቡ፣ ሙዚቃው፣ ሱቁ ሳይጣደፉ የሚታዩ ናቸው። ይህ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተው ከረፋዱ 5 ሰዓት ስለሆነ በማለዳ መነሣት አያስፈልግም። ዙሪያው ብቻ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ በማግሥቱ ብዙ የሚያስኬድ ቀን አላስከትልበትም። የምግብ ፌስቲቫል ባለበት ወቅት ቅዳሜና እሑድ የአካባቢው ሰው ስለሚጎርፍ ኤፕኮትን ወደ ሳምንቱ መሐል አመጣዋለሁ።

ሆሊውድ ስቱዲዮስ የጎረምሳው ነው። ለዚህ ቀን ቁመት መለካት ግድ ይላል፤ ስሊንኪ ዶግ ዳሽ 97 ሳንቲ ሜትር፣ ታወር ኦፍ ቴረርና ራይዝ ኦፍ ዘ ሬዚስታንስ 102 ሳንቲ ሜትር ይጠይቃሉ። ቁመቱ ያልሞላ ልጅ በር ላይ ሲመለስ የሚደርስበት ኀዘን ቀኑን ሙሉ ይከተለዋል፤ ቤት ውስጥ በሜትር ለክቶ አስቀድሞ መንገር ይሻላል። እናትና አባት ተራ በተራ ገብተው አንዳቸው ከትንሹ ጋር የሚቆዩበት አሠራር አለ፤ ሁለተኛው እንደገና ወረፋ አይይዝም። እዚህ ፓርክ ብዙ ሰው የሚፈልጋቸው መጫወቻዎች ጥቂት በመሆናቸው ወረፋው ይከብዳል። በዲዝኒ ሆቴል ያደረ ሰው ከሌላው 30 ደቂቃ ቀድሞ ይገባል፤ ከኪሲሚ የመጣው ሲደርስ ወረፋው ተይዞ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ወረፋ የሚያሳጥረውን ላይትኒንግ ሌን ከአራቱ ቀናት በአንዱ ብቻ ለመግዛት አቅም ላለው ቤተሰብ፣ ያ ቀን ይህ ይሁን እላለሁ። የሆቴሉ እንግዳ ከ7 ቀን በፊት፣ ሌላው ከ3 ቀን በፊት ቦታ ይይዛል። እንግዲህ የቀን ድልድሉ ጉዞው ሳይጀመር ማለቅ አለበት ማለት ነው፤ ጠዋት ቡና ላይ «ዛሬ የት እንሂድ?» የሚለው ውይይት አሁን ዋጋው ውድ ሆኗል።

እነዚህን አራት ቀኖች በሳምንቱ ላይ ስደለድል መጀመሪያ የማየው ጾሙን ነው። ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት እህል ውኃ የማይቀምሱ እናት በፍሎሪዳ ፀሐይ ላይ ሊዞሩ አይገባም፤ ኤፕኮትም ግማሽ ውበቱ ምግብ ስለሆነ በጾም ቀን ይጎድላል። ደግነቱ ለ4 ቀን የተገዛ ቲኬት በ7 ቀን ውስጥ ነው የሚያገለግለው፤ በየመሐሉ ማረፍን ቲኬቱ ራሱ ፈቅዷል። ሰኞ አኒማል ኪንግደም፣ ማክሰኞ ማጂክ ኪንግደም፣ ረቡዕ ዕረፍት፣ ሐሙስ ኤፕኮት፣ ዓርብ ዕረፍት፣ ቅዳሜ ሆሊውድ ስቱዲዮስ። ከርችቱ ማግሥት ልጁ እንዳሻው ይተኛል፤ ከኤፕኮት ዙሪያ ማግሥት እግር ያርፋል፤ እናትም ጾማቸውን በጥላ ሥር ይጾማሉ። ለጾመኛው የተተወው ቀን ሁሉንም ሲጠቅም ማየት ከዚህ ሥራ ከማገኛቸው ደስታዎች ትልቁ ነው። እንግዳዋ ሌሊት የሚነቁት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሆነ አኒማል ኪንግደም ሰኞ መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም።

የዓመቱም ጾም እንዲሁ ይታያል። ልጆች ትምህርት ከሚዘጉበት ሰመር ውስጥ ጾመ ሐዋርያት እስከ ሐምሌ 5 ይዘልቃል፤ ያም እ.ኤ.አ. ጁላይ 12 ነው። ፍልሰታ ደግሞ ነሐሴ 1፣ ማለትም ኦገስት 7 ይገባል። ሁለቱንም የሚጾም ቤተሰብ የሚተርፈው ጊዜ ከአራት ሳምንት አያልፍም፤ እሱም የፍሎሪዳ ሙቀትና ዝናብ የሚበረታበት ነው። ያን ሰሞን ከቀትር በኋላ ነጎድጓድ የተለመደ ስለሆነ መብረቅ ሲቃረብ ሜዳ ላይ ያሉት መጫወቻዎች ይቆማሉ። ስለዚህ ሜዳ ላይ ያለውን በጠዋት፣ ጣራ ያለውን ከ8 ሰዓት በኋላ አደርጋለሁ።

የሰው ብዛት የት ገባ? እዚህ፣ መጨረሻ ላይ። ወረፋን መቁጠርና ማስላት የተከበረ ሥራ ነው። ቦብ ሴሊንገር የጀመረው «ዘ አንኦፊሻል ጋይድ» እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ለዲዝኒ ተጓዦች ሲመክር ኖሯል፤ እኔም ከእንዲህ ዓይነት ሥራዎች ብዙ ተምሬአለሁ። ቁጥሩ ግን ስለ ሌላው ሰው ነው የሚነግረን። የራሳችንን ሰው ሳናውቅ ቁጥሩን ብናነብ አያግዘንም። ማስረጃው የማጂክ ኪንግደም የበዓል ምሽቶች ናቸው። ከኦገስት እስከ ኦክቶበር ለሃሎዊን፣ ከዚያም ለገና፣ በተመረጡ ምሽቶች ፓርኩ ለተራው ቲኬት ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ብዙ ሰው ያን ቀን ስለሚሸሽ ቀኑ ቀለል ይላል። በጊዜ ለሚተኛ ሕፃን ከዚህ የተሻለ ቀን የለም፤ ርችት ሊያይ ለመጣው ልጅ ግን ከዚህ የከፋ የለም። ሰንጠረዡ ለሁለቱም ያው ነው፤ የሚለየው ልጁ ነው።

ሰውን ማወቅ ደግሞ በቀጥታ በመጠየቅ አይገኝም። እናትን «የት መሄድ ይፈልጋሉ?» ብትሏቸው «እኔማ እናንተ ደስ ካላችሁ የትም ይሁን» ይላሉ። ጎረምሳውን ብትጠይቁት በቪዲዮ ያየውን ሁሉ ይዘረዝራል። ስለዚህ የምጠይቀው ስለ ተራው ቀናቸው ነው። እማማ ስንት ሰዓት ይነቃሉ? ቅዳሴ ላይ እስከ መጨረሻው ይቆማሉ ወይስ ይቀመጣሉ? ልጁ ሲደክመው ይጮኻል ወይስ ዝም ይላል? አባትየው ወረፋ ላይ ይታገሣል? ከዋሽንግተን ድረስ መኪናውን የነዳው ማን ነው? እነዚህን ከሰማሁ በኋላ ቀኖቹ አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው ቦታቸውን ይይዛሉ።

ከባዱ ክርክር የገንዘብ ነው። «ይህን ያህል ከፍለን መጥተን ቤት እንዋል?» ይሉኛል፤ የቀኑ ቁጥር በጨመረ መጠን የአንዱ ቀን ዋጋ ስለሚቀንስ አምስተኛውን፣ ስድስተኛውን ቀን መጨመር ያጓጓል። በአንድ ቀን ከፓርክ ወደ ፓርክ የሚያሻግረውን ቲኬትም ይጠይቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 የተከፈተው የዩኒቨርሳል ኤፒክ ዩኒቨርስ ደግሞ አዲስ ጥያቄ ይዞ መጥቷል። ወላጆቻችን «ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» ያሉት ለዚህ ነው። የከፈልነው ቤተሰቡ አብሮ እንዲደሰት ነው፤ የደከመ ቤተሰብ ደግሞ አብሮ ቢውልም ይነታረካል። ጎረምሶቹ ኤፒክ ዩኒቨርስን ከፈለጉ በዕረፍቱ ረቡዕ ከአጎታቸው ጋር ይሂዱ፤ እማማና ሕፃኑ ቤት ይዋሉ። ሁሉም ሰው በየቀኑ አንድ ቦታ መሆን የለበትም።

ዕቅዱን ሳስረክብ በእያንዳንዱ ቀን ትይዩ የአንድ ሰው ስም እጽፋለሁ። የእማማ ቀን፣ የሕፃኑ ቀን፣ የእናትና የአባት ቀን፣ የጎረምሳው ቀን። ስሙ ያለው ሰው ያን ቀን መቼ እንደሚበላ፣ መቼ እንደሚወጣ ይወስናል፤ ሌላው ይከተለዋል፤ ነገ ተራው የእሱ ነው። ልጅ ለአያቱ ቀን መታገሥን፣ አያትም በልጁ ቀን መሣቅን በዚህ ይለማመዳሉ። ዝናብ መጥቶ ወይም ሰው ታሞ አንድ ቀን መሰረዝ ካለበት ደግሞ በቅድሚያ የሚጠየቀው ባለ ቀኑ ነው፤ የእሱ ቀን ወደ ዕረፍቱ ቀን ይዛወራል እንጂ አይቀርም። ድልድሉን ጨርሼ ስም ያጣሁለት ቀን ካገኘሁ፣ ለቤተሰቡ የምመክረው አንድ ነገር ነው፦ ያን ቀን ቲኬት አትግዙለት።