ዋንዛ በመጽሐፍና ዋንዛ በሳቢያን

ስለ አገራችን ዛፎች ለማወቅ የሚፈልግ ተማሪ ሊይዛቸው ከሚገቡት መጻሕፍት አንዱ፣ አዘነ በቀለ ተሰማ ከአን በርኒና ከቦ ቴንግነስ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጡት፣ ስለ ኢትዮጵያ ጠቃሚ ዛፎችና ቍጥቋጦዎች የሚናገረው መጽሐፍ ነው። ይኸው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2007 ሰፍቶ፣ ለ17 የአየር ጠባይ ክልሎች እንዲያገለግል ሆኖ እንደ ገና ታትሟል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ስለ ዋንዛ የሚናገረውን ክፍል ወደ ሳቢያን ወስደን ልንፈትነው ወደድን፤ የእንዲህ ያለ መጽሐፍ ዋጋ የሚታወቀው በተተከለው ችግኝ ነውና።

በመጀመሪያ ምስጋና የሚገባውን እናመስግን። የመጽሐፉ ትልቁ ዋጋ ሥርዐቱ ነው። ለዛፉ ሥዕል ይሰጣል፤ ስሙን በልዩ ልዩ የአገራችን ቋንቋዎች ያስታውቃል፤ የት እንደሚበቅል፣ ለምን እንደሚጠቅም፣ እንዴት እንደሚራባና እንደሚያዝ በአጭሩ ያስረዳል። የሐረርጌ ገበሬ ዋዴሳ የሚለውና እኛ ዋንዛ የምንለው ዛፍ አንድ መሆኑን ለማያውቅ የከተማ ተማሪ ይህ ብቻውን ትልቅ ትምህርት ነው።

ዋንዛ በሳይንስ ስሙ ኮርዲያ አፍሪካና ይባላል። ቅጠሉ ሰፊና ሻካራ፣ አበባው ነጭ፣ ፍሬው ሲበስል ቢጫና የሚያጣብቅ፣ ጣዕሙም ጣፋጭ ነው። ልጆች ፍሬውን ይበሉታል፤ ንቦችም አበባውን ይወዱታል። በእንጨት ትምህርት ቅጠለ ሰፊ ዛፎች ሁሉ «ጠንካራ እንጨት» ከሚባለው ወገን ስለሚቈጠሩ ዋንዛም እንደዚሁ ይቈጠራል። ስሙ ግን ያሳስታል፤ የዋንዛ እንጨት ቀላልና ለመጋዝም ለመላጊያም የሚታዘዝ ነው። በአንጻሩ ጽድ ብዙ ዘመን የሚቆይ እንጨት ሳለ «ለስላሳ» ከሚባለው ወገን ይመደባል። ዋንዛን በአናጢዎች ዘንድ ያስወደደው ምስጥን መቋቋሙ፣ ቀላ ያለው ቡናማ መልኩና ለበርና ለቤት ዕቃ መመቸቱ ነው።

አሁን ወደ ፈተናው እንግባ። መጽሐፉ የሚጠቀምበት የአየር ጠባይ ክልል የቆመው በከፍታና በዝናብ መጠን ላይ ነው። ዋንዛ በአገራችን ከ550 እስከ 2,600 ሜትር ከፍታ ባለው ቦታ ይገኛል። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ በከፍታው ብቻ የሚፈርድ ሰው ዋንዛን ሳቢያን ላይ ከመትከል የሚያግደው ነገር አያገኝም። በዝናቡ የሚፈርድ ሰው ግን፣ በዓመት 600 ሚሊሜትር ገደማ ለዋንዛ እንደማይበቃ አይቶ እጁን ይሰበስባል። ሦስተኛ ሰው ደግሞ ሳቢያን የከተማዋ የውሃ ጕድጓዶች የሚገኙበት ሰፈር መሆኑን ያስታውስና፣ «ከመሬቱ በታች ውሃ ሳለ ዝናቡ ምን ያስጨንቀናል?» ይላል።

የሦስተኛው ሰው ክርክር ሚዛን የሚደፋ ይመስላል፤ ዋንዛ በወንዝ ዳር መብቀል የሚወድ ዛፍ ነውና። ሆኖም በጥልቅ ያለ ውሃና ለችግኝ ሥር የሚደርስ ውሃ አንድ አይደሉም። በሳቢያን አንድ ግቢ ውስጥ በክረምት የተተከሉ የዋንዛ ችግኞችን አይተን ነበር፤ በበጋ ተመልሰን ስንሄድ የቆሙት በየቀኑ በባልዲ ውሃ የሚፈስላቸው ብቻ ነበሩ። ያ የባልዲ ውሃ የሕዝቡ የመጠጥ ውሃ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ዋንዛ በሳቢያን ይበቅላል ወይ ከሚለው አልፎ፣ በማን ውሃ ይበቅላል ወደሚለው ይደርሳል። በከፍታና በዝናብ ብቻ የተሠራ ክልል ይህን ጥያቄ አያስነሣም፤ ጕድለቱ ብለን የምንቈጥረውም ይህንኑ ነው።

ቦታውን ሳይጠይቁ ዛፍ ማምጣት ምን እንደሚያስከትል ድሬዳዋ ከሌላው አገር ይልቅ ታውቃለች። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት ደረቅ ምድርን ያለማል ተብሎ የገባው ፕሮሶፒስ፣ ዛሬ የአፋርን ግጦሽ ወርሮ አርብቶ አደሩን አስጨንቋል። ዋንዛ የአገራችን ዛፍ ስለሆነ እንዲህ ያለ ወረራ አንፈራበትም፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው።

ሁለተኛው ነቀፌታችን በመጽሐፉ ላይ ሳይሆን መጽሐፉን ብቻ ይዘን በምንተክል በእኛ ላይ ነው። ዐዋጅ ቍጥር 94/1986 ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጽድን ከመንግሥት ደን መቍረጥን ከልክሎ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን በማሳው መካከል ዋንዛ ያሳደገ ገበሬ «ነገ ለመቍረጥ ፈቃድ ባጣስ?» ብሎ ከሰጋ፣ ወፍ የዘራችለትን ችግኝ ገና በለጋነቱ ይነቅለዋል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 1065 ለግል ደን ባለቤት መብት መስጠቱ ስለዚህ ደግ ነገር ነው፤ ገበሬው እስኪሰማውና እስኪያምነው ድረስ ግን ዋንዛ አያበቅልም።

ሦስተኛው ነገር የቋንቋ ነው። መጽሐፉ የዛፎቹን ስም በአገር ቋንቋዎች ቢሰጥም ትምህርቱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። የዋንዛን ፍሬ ዘፍዝፎ የሚያጥበው፣ ለመብቀል ሳምንታት የሚፈጀውንም ዘር የሚጠብቀው የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ እንዲያነበው፣ ቢያንስ ዋና ዋናው ክፍል በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ሊቀርብለት ይገባል።

ታዲያ ዋንዛ የት ይተከል? በእኛ አስተያየት ቦታው ከሳቢያን በላይ ያለው የደንገጎና የሐረርጌ ደጋ ነው። በዚያ አገር ገበሬው ዋንዛን ለቡናው ጥላ ያውቀዋል፤ የሚረግፈውም ቅጠል መሬቱን ያዳብራል። የሳቢያንን ጕድጓድ የሚመግበው የከርሰ ምድር ውሃ ከዚያው ከደጋው ዝናብ የሚወርድ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በደቻቱ ወርዶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን የገደለው ጎርፍም የተነሣው ከዚያው ነበር። ዋንዛ ብቻውን ጎርፍ ያቆማል አንልም፤ ዛፍም ራሱ ውሃ ይጠጣል። ከእርከን ጋር በገበሬው ማሳ ዳር ሲቆም ግን አፈሩን ይይዛል፣ የሚሮጠውንም ውሃ ያዘገየዋል። ለሳቢያን ደጃፍ ድርቅ የሚችሉት ቍርቍራና ሮቃ ይበቋታል።

መጽሐፉን የሚያነብ የትምህርት ጓደኛችን ስለ ዋንዛ የሚናገረውን ገጽ ሲገልጥ፣ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ ሁለት ጥያቄ ይጻፍበት፦ ውሃው የማን ነው? ዛፉስ ሲያድግ የማን ይሆናል?