ፎቶው የተናገረውን ጽሑፉ አይድገመው

አማርኛ ድርሰት ሳስተምር ለተማሪዎቼ የምሰጠው ትልቁ ሥራ ወረቀት ላይ ብቻ አያልቅም። በሰፈራቸው ያለ አንድ ባለሙያ ይመርጣሉ፤ አስፈቅደው ጥቂት ፎቶ ያነሳሉ፣ ድምፅ ይቀርጻሉ። ከዚያ ራሳቸው የሚያነቡትን ጽሑፍ አዘጋጅተው ሦስቱን ባንድ ያቀናጃሉ። ስልክ ይዞ ግቢ መግባት ክልክል ስለሆነ ቀረጻው ከክፍል ውጭ ነው፤ ክፍል ውስጥ የምንከራከረው በጽሑፉ ላይ ነው።

ቴክኖሎጂ ሲባል ብዙዎቻችን መምህራን ትዝ የሚለን ፕላዝማ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው ይህ ቴሌቪዥን ትምህርቱን በሳተላይት ከማዕከል ያመጣ ነበር፤ መምህሩ ላስቁምህ ቢለው አይቆምም፣ ተማሪው ቢጠይቀው አይመልስም። ስክሪኑ ትልቅ ነበር፣ ልጁ ግን ተመልካች ነበር። ስልክ ትንሽ ብትሆንም የሚሠራባት ልጁ ራሱ ነው።

አንዲት ተማሪ ሽሮ ሜዳ ሄዳ ሸማኔ ቀርጻ መጣች። የመጀመሪያ ጽሑፏ ሸማኔው እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቶ እንደተቀመጠ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ እንደሚወረውር፣ ነጠላ እንደሚሠራ ይናገራል። ሁሉም ትክክል ነው፤ ሁሉም ደግሞ ፎቶው ላይ ይታያል። «ፎቶው የማያሳየውስ?» አልኳት። «ወገቡን ያመዋል፣ ቲቸር» አለች። ወገቡን እንደሚያመው፣ ከነጩ ይልቅ ጥለቱ ጊዜ እንደሚፈጅበት፣ ድሩ ሲበጠስ ሥራውን አቁሞ መቀጠል እንዳለበት ከሰውየው አፍ ሰምታለች፤ ጽሑፏ ውስጥ ግን አንዱም የለም። እነዚህን አስገብታ የመወርወሪያውን ዓረፍተ ነገር ሰረዘችው። በቦታው የመወርወሪያው ድምፅ ብቻውን ለጥቂት ሰከንድ ገባ። እሷ ዝም ያለችበት ያ ቦታ ከሥራው ሁሉ በለጠብኝ።

ድምፅ ሌላም ጉድ ያወጣል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ወረቀት ላይ ዓረፍተ ነገር ቢረዝም አንባቢ ተመልሶ ያነባል፤ አድማጭ መመለሻ የለውም። ሰውየው ምን እንዳደረገ የሚነግረን ግስ ሳይደርስ ፎቶው አልፎ ሌላው ይመጣል። ልጆቹ ይህን በጆሯቸው ሲሰሙት ማንም ሳያዛቸው ዓረፍተ ነገሩን መቆራረጥ ይጀምራሉ። ዓመቱን ሙሉ በቀይ እስክሪብቶ ያልሆነልኝን ቀረጻው ባንድ ምሽት ያደርገዋል። መጥበቅና መላላትንም ፊደላችን አያሳይም፤ «በጉ ይበላል» ብሎ የጻፈ ልጅ፣ በጉ ሣር ይጋጥ ወይስ ለበዓል ይታረድ የሚወስነው ጮክ ብሎ ሲያነበው ነው።

ጽሑፍን ከምስልና ከድምፅ ማቀናጀትን ከውጭ የመጣ ፋሽን የሚያደርጉት አሉ። የብራና መጻሕፍታችን ግን ጥቁሩን ቀለም ለንባቡ፣ ቀዩን ለቅዱሳን ስም እየለዩ፣ ጽሑፉን በሐረግና በሥዕል እያጀቡ የተሠሩ ናቸው። ክታብማ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይዘጋጅ ነበር፤ የብራናው ርዝመት ራሱ ትርጉም ነበረው። ጸሐፊው ቀዩን ቀለም መቼ እንደሚያነሳ ያውቅ ነበር። ከተማሪዎቼም የምፈልገው ይህንኑ ነው፤ የትኛውን ለፎቶ፣ የትኛውን ለድምፅ፣ የትኛውን ለቃል እንደሚተዉ መለየት።

ለሙያ ባልደረቦቼ ልመና አለኝ። ስታርሙ በፎቶ ጥራት ነጥብ አትስጡ፤ ነጥቡ ለልጁ ሳይሆን ለወላጁ ኪስ ይሆናል። ባንድ ስልክ አራት ልጅ ይሥራ፤ ጽሑፉን ግን እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይጻፉ፣ መጀመሪያ የሚታረመውም እሱ ይሁን።