ትል የሚቆጥሩ እጆች

የዝንብ ትል የሚተነፍሰው በኋላ ጫፉ ላይ ባሉ ሁለት ጥቃቅን ክቦች ነው። በማጉያ መነጽር ቀረብ ብሎ ያየ ሰው በእያንዳንዱ ክብ ውስጥ ቀጫጭን ስንጥቆችን ያገኛል። ትሉ የመጀመሪያ ቆዳውን ጥሎ ሁለተኛውን ሲለብስ ስንጥቆቹ ሁለት ናቸው፤ ሦስተኛውን ሲለብስ ሦስት ይሆናሉ። ሌላው አፍንጫውን ይዞ የሚሸሸውን ትል አስከሬን መርማሪው ባለሙያ ከሬሳው ላይ በመቆንጠጫ ያነሳል፣ ስንጥቆቹን ይቆጥራል፣ የሰፈሩን ሙቀትና ቅዝቃዜ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ ነው «ይህ ሰው ከሞተ ቢያንስ ይህን ያህል ቀን ሆኖታል» የሚለው። «ቢያንስ» የምትለዋን ቃል ሳይዘነጋ። ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቅ የእጅ ሥራ ብዙ አላውቅም።

ሙያው ዛሬ ያለውን መልክ እንዲይዝ ብዙ የደከሙት አሜሪካዊው የአጥንት ሊቅ ፕሮፌሰር ዊልያም ባስ ናቸው። በፈረንጆች 1928 ተወለዱ። በወጣትነታቸው በደቡብ ዳኮታ፣ የግድብ ውሃ ሊውጣቸው የደረሱ የአሪካራ ነባር ሕዝቦችን መቃብሮች ውሃውን እየቀደሙ ይቆፍሩ ነበር። የለመዱት እንግዲህ ደረቅ አጥንት ነው። በ1971 ወደ ቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ሲዛወሩ ግን ፖሊስ የሚያመጣላቸው ሥጋው ያልረገፈ፣ ትል የሚርመሰመስበት አስከሬን ሆነ። ጥያቄውም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ መቼ ሞተ?

በ1977 መጨረሻ ፍራንክሊን በምትባል ከተማ አንድ የተነካካ መቃብር እንዲያዩ ተጠሩ። በውስጡ ያለው አስከሬን ሥጋው ገና ቀላ ያለ ነበር። ባስ መረመሩና ከሞተ ከአንድ ዓመት አይበልጠውም አሉ። በኋላ ግን ልብሱ ውስጥ አንድም የፋብሪካ ሰው ሠራሽ ክር ጠፋ። ጥርሶቹ ተቦርቡረው ሳሉ የሐኪም እጅ አልነካቸውም። ሰውየው በ1864 በናሽቪል ጦርነት የወደቀው ኮሎኔል ዊልያም ሻይ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒት ተቀብቶ፣ አየር በማያስገባ የብረት ሣጥን ተቀብሮ ነበር። ግምቱ ከመቶ ዓመት በላይ ስቷል።

የኝህን ሰው ሥራ የማከብረው ከዚህ በኋላ ባደረጉት ነው። ስህተቱን አልሸፋፈኑም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በየመድረኩ ራሳቸው ተናገሩት። ደግሞም የጎደለው ምን እንደሆነ ለዩ። የሰው ገላ እንዴት እንደሚፈርስ ቀን በቀን ተቀምጦ ያየና የጻፈ የለም። ስለዚህ ከዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ጀርባ ትንሽ መሬት ለመኑ፣ አጠሩ፣ በ1981 የመጀመሪያውን የተለገሰ አስከሬን ተቀበሉ። አንዱ ጥላ ውስጥ፣ አንዱ ፀሐይ ላይ፣ አንዱ በስሱ አፈር ለብሶ ይቀመጣል፤ ተማሪዎቹም በየዕለቱ ይመዘግባሉ። ከጥንት የወረደ አንድ ልማዳዊ ስሌት ነበር፤ አየር ላይ አንድ ሳምንት፣ ውሃ ውስጥ ሁለት፣ መሬት ውስጥ ስምንት ሳምንት ይስተካከላሉ የሚል። ከዚያ አጥር ውስጥ የተጀመረው ምዝገባ ሙያውን ከእንዲህ ያለው ጅምላ ግምት አወጣው።

ትሉም የሚያድገው፣ ገላውም የሚፈርሰው እንደ ሙቀቱ ስለሆነ ከቀን ቁጥር ይልቅ የሙቀት ድምር ይበልጣል። በ20 ዲግሪ ሙቀት 10 ቀን የቆየ አስከሬን 200 ዲግሪ ሰብስቧል። በ10 ዲግሪ የቆየው እዚያ ለመድረስ 20 ቀን ይፈልጋል። ይህ ሒሳብ ወደ እኛ አገር ሲመጣ ምን ያህል እንደሚከብድ ለማየት ከጎጆ ወደ አምቦ መውረድ ይበቃል። ጎጆ የጀልዱ ደጋ ናት፤ ገብስና ድንች የሚበቅልባት፣ ሌሊቷ የሚያንዘፈዝፍ። አምቦ ዝቅ ያለች፣ ሞቅ ያለች ናት። በአንድ ሌሊት የሞቱ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ጎጆ ሌላው አምቦ ቢወድቁ፣ በሳምንቱ እኩል አይገኙም። ጅቡና ጥንብ አንሳው ሲጨመሩበት የቴነሲ ሠንጠረዥ ጀልዱ ላይ እንዳለ አይሠራም።

በአገራችን የዚህ ሙያ ጥራት የታየው ግን በአጥንት ላይ ነው። የቀይ ሽብርን ወንጀል እንዲመረምር በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድንን ጋበዘ። ቡድኑን ያቋቋሙት በ1984 በፈረንጆች፣ አሜሪካዊው የአጥንት ሊቅ ክላይድ ስኖው ያሠለጠኗቸው ወጣቶች ናቸው። በአገራቸው መቃብር በቡልዶዘር እየተዛቀ አጥንት ከአጥንት ሲደባለቅ አይተው ነበርና እጃቸው ላይ ችኮላ አልነበረም።

አሠራሩን ልብ ብላችሁ እዩት። አፅም ሲገኝ አይጎተትም። ዙሪያው ያለው አፈር በስስ በስሱ እየተነሳ ዝቅ ሲል አፅሙ በገዛ መደቡ ላይ ከፍ ብሎ ይቀራል። አጥንት አጠገብ ሲደረስ አካፋው ይቀመጥና ብሩሽና የእንጨት ሹል ይያዛል። ፎቶ ይወሰዳል፣ ይሣላል፣ ከዚያ ይነሳል። የወጣው አፈር በሙሉ በወንፊት ያልፋል። ከሰው 206 አጥንቶች 106ቱ እጅና እግር ውስጥ ናቸውና ወንፊት ያልነካው ቁፋሮ ግማሹን ሰው መሬት ውስጥ ትቶ እንደመሄድ ነው። ከምላስ ሥር ያለችው የፈረስ ኮቴ የመሰለች አጥንት ከየትኛውም አጥንት ጋር አትገጣጠምም፤ ጣት ባልተጠነቀቀበት ትጠፋለች። ታንቆ የሞተ ሰው ላይ ግን አንዳንዴ የምትሰበረው እሷ ናት። አዲስ አበባ ላይ ቡድኑ ካወጣቸው አፅሞች አንገት ዙሪያ የናይለን ገመድ ተገኝቷል። ሥጋው አፈር ሆኖ ናይለኑ አልበሰበሰም። ገመዱ ሳይፈታ፣ ከአንገቱ አጥንት ሳይነጠል እንደተገኘ መመዝገቡ ነው ገመዱን ማስረጃ የሚያደርገው። ቀድሞ የነካው ሰው ቢፈታው ኖሮ የቀረው ገመድ ብቻ በሆነ ነበር።

የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያኑ መሪ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በደርግ ሰዎች ተወስደው አፅማቸው የተገኘው በ1984 ዓ.ም. ነው፤ የቀድሞው ፓትርያርክ የአቡነ ቴዎፍሎስም አፅም የወጣው በዚያው ዓመት። እድር ተጠርቶ፣ ድንኳን ተተክሎ፣ በዕለቱ መቅበር በሚታወቅበት አገር አሥራ ሦስት ዓመት ያለ መቃብር መቆየት ለቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አያሻም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ያለቁት 157 ሰዎች ሁሉ በስድስት ወር ገደማ በዘረመልና በጣት አሻራ ምርመራ በየስማቸው መለየታቸውም የዚሁ ትዕግሥት ፍሬ ነው።

የሚቀረን ሥጋ ሳይረግፍ የሚጠየቀው «መቼ ሞተ?» የሚለው ጥያቄ ነው። የተለገሰ አስከሬን አጥር ውስጥ ማቆየት ከባህላችን ጋር አይሄድም፤ አይገባምም እላለሁ። ሌላ መንገድ ግን አለ። አምቦ የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር ሲሠራባት የኖረች ከተማ ናት፤ የሰብል ተባይ መቼ እንደሚፈለፈል ለማወቅ የሚሠራበት የሙቀት ድምር ለሬሳ ዝንብም ያው ነው። ጅብ የማያልፈው ጠንካራ አጥር፣ ሁለት ቴርሞሜትር፣ ሁለት የበግ በድን፣ አንዱ ጎጆ አንዱ አምቦ፣ ክረምቱንም በጋውንም። ቀሪው ማጉያ መነጽርና በየጠዋቱ ሳያሰልስ የሚጽፍ ሰው ነው።